ሲስተርን ጠይቁ፦ «ጣናን የማየው ከባጃጅ ውስጥ ነው»

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱ ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ስለዚህ አንድ ላይ አቀረብኳቸው። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ብዙውን ቦታ ወስዳብኛለች፤ ሌሎቻችሁ ቅር አይበላችሁ። አዲስ አንባቢ ካለ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት እዚሁ ባሕር ዳር፣ አብዛኛውን በሌሊት ዱቲ ነው። ሐኪምም መምህረ ንስሐም አይደለሁም። የምመልሰው ባየሁት ልክ ነው።

ጥያቄ

«ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ባንክ ቤት ካሸር ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትንሿ ገና ጡት አልተወችም። ቤታችን ቀበሌ 14 ነው። ጠዋት ልጆቹን አሰናድቼ፣ ትልቁን ትምህርት ቤት ጥዬ፣ በባጃጅ እበራለሁ። ቀኑን ሙሉ ሰልፍ ነው። ማታ ካሽ ካልገጠመ እስኪገጥም ንቅንቅ የለም። ቤት ስገባ ሊጡ፣ ወጡ፣ የልጁ የቤት ሥራ፣ አማቴ፣ ስልኩ። ባሕር ዳር ተወልጄ ባሕር ዳር አድጌ፣ ጣናን የማየው ከባጃጅ ውስጥ ነው ብል ማን ያምነኛል? አንዷ ጓደኛዬ «ሱባኤ ግቢ» አለችኝ። ጡት የምትጠባ ልጅ ይዤ የት ነው የምገባው? ሌላዋ «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሽና ብቻሽን ቁጭ በይ» አለችኝ። ሞከርኩት፤ እንደተቀመጥኩ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ብዙ አልጠየቅኩም። በቀን አሥር ደቂቃ ዝም ብዬ ከራሴ ጋር መሆን ነው የምፈልገው። ከየት ላምጣው?» — ካሸሯ፣ ከባሕር ዳር

መልስ

የኔ እመቤት፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሽ ያለችሽ ጓደኛ ልጅ አላት? ከሌላት ይቅር በያት። ካላት ደግሞ ልጇን ማን እንደሚያስተኛላት ጠይቂያት። የጥያቄሽ መልስ እዚያ ጋ ነው ያለው።

መጀመሪያ የሌሊቱን ነገር እንጨርስ። አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት። የምታጠባ እናት ያን ያህል አታገኝም፤ የምታገኘውም ተቆራርጦ ነው። ከዚያ ላይ ደግሞ ለተመስጦ ብለሽ ከቀነስሽ ብድር ወሰድሽ ማለት ነው። ወለዱ እንዴት እንደሚከማች ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ተቀምጠሽ እንቅልፍ የወሰደሽም ሰውነትሽ ልክ ስለሆነ ነው። አትዘኚበት።

ሌሊትን ጸጥ ያለ ነው የሚሉም የሌሊት ዱቲ ያልሠሩ ናቸው። አስታማሚው ኮሪደር ላይ ጋቢ ተከናንቦ ያንኮራፋል። ኦክስጅኑ ይንሾካሾካል። ሕፃን ያለቅሳል። ልክ ቻርት ልጽፍ ስቀመጥ «ሲስተር! ሲስተር! ግሉኮሱ አልቋል!» ይመጣል። እና ጨለማን ከጸጥታ ጋር አናምታታ።

አሁን ወደ ገዳሙ። እዚህ አገር «ፋታ አጣሁ» ያለ ሰው ሁሉ ወደ ገዳም ይላካል። ጣና ደግሞ ገዳማቱ ብዙ ናቸውና ምክሩ ለአፍ ይቀላል። እኔ ገዳማቱን ያወቅኋቸው በሌላ በር ነው። ለክትባት ዘመቻ ወደ ደሴቶቹና ወደ ዘጌ ስንሄድ የቫክሲን ሣጥናችንን ይዘን ጥላ ፍለጋ እንቀመጣለን። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፤ ፀሐይ አይወድም። ጥላ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዕቃ ቤቱና ከማብሰያው አጠገብ ነው። እዚያ ተቀምጬ ያየሁትን ልንገርሽ።

አንዷ እናት ውሃ በእንስራ ይዛ ታልፋለች። አንዱ ረድእ እንጨት ይፈልጣል። መጋቢው ከአንድ ገበሬ ጋር ስለ ሽምብራ ዋጋ ይከራከራል፤ ያውም ሞቅ አድርጎ። ጢስ ውስጥ የቆመ ሰው ትልቅ ድስት ያማስላል። ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ደግሞ ዛፍ ሥር አንድ አባት ቁጭ ብለው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፤ ማንም ወደ እሳቸው አይሄድም። ልጅ እንኳን በዚያ በኩል ሲሮጥ «ተመለስ!» ይባላል። በሌላ ጊዜ ስንመጣ እኒያው አባት ድስቱ ጋ ቆመው አገኘናቸው።

ይህን የሚያወራ የለም። ፎቶ የሚነሳው ዛፍ ሥር ያለው መነኩሴ ነው። ንፍሮ ቀቃዩን የሚያነሳው የለም። ሰውየው ግን ዝም ብሎ መቀመጥ የቻለው ሌላው ስለቀቀለለት ነው፤ ተራው ሲደርስ ደግሞ እሱ ይቀቅላል። ገዳሙ ያለው ቦታ ብቻ አይደለም፤ ሥራውን የተካፈሉ ሰዎች አሉት። አንቺ የሌለሽ ሐይቅ አይደለም፤ ተራ ነው።

እናቴን ላምጣልሽ። ፊደል አልቆጠረችም፤ ውዳሴ ማርያምን ግን በቃሏ ይዛው ነበር። ጎህ ሲቀድ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ምሥራቅ ዞራ ቆማ የዕለቱን ትደግማለች። በዚያ ሰዓት ቃል አትመልስም። ሁሉን ግን ታያለች። ወተቱ ሊገነፍል ሲል በአገጯ ወደ ምድጃው ታመለክተናለች። ታናሽ ወንድሜ ሲያስቸግር ዓይኗን ታፈጥበታለች፣ ከንፈሯ ግን ከጸሎቱ አይወጣም። ጎረቤት መጥቶ «እንዴት አደራችሁ» ሲል «ጸሎት ላይ ናት» የምንለው እኛ ነን። ጎረቤቱም በርጩማ ስቦ ይጠብቃል፤ ቅር አይለውም። አባቴ ጫማው ቢጠፋበት ራሱ ይፈልጋል እንጂ አይጠራትም። ያችን አፍታ የሰጣት የቤቱ ሰውና ሰፈሩ ነው። እሷ ብቻዋን ብትፈልጋት ኖሮ አንድም ቀን አታገኛትም ነበር።

የቀድሞዎቹ ይህን በደንብ ገብቷቸው ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ሰዓት 7 ነው፦ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሠርክ፣ መኝታ ሲሆንና እኩለ ሌሊት። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በቀን 5 ጊዜ ይሰግዳሉ። ሰፈራችን ያለ ባለ ሱቅ ዙሁር ሲደርስ ደጁ ላይ በርጩማውን አጋድሞ ወደ ውስጥ ይገባል። በርጩማው ከተጋደመ «ስኳር ስጠኝ» ብሎ የሚጨቀጭቀው የለም። ልብ በይ፤ ማንም ሥራው ሲያልቅለት አይደለም የሚቆመው። ሥራ አያልቅማ። ሰዓቱ ይታወቃል፣ ምልክቱም ይታወቃል፣ የቀረው ሰው ይጠብቃል።

እና ምክሬ ይኸው ነው። አሥር ደቂቃሽን ከቀኑ ውስጥ አትፈልጊው፤ ከሰው ጠይቂው።

ከባልሽ ጀምሪ። ስለ መንፈስ ዕረፍት ረጅም ወሬ አትጀምሪለት፤ ወንድ ልጅ እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ የተከሰሰ ይመስለዋል። «ማታ አንድ ሰዓት ላይ ለአሥር ደቂቃ ልጅቷን ትይዝልኛለህ። ታልቅስ፣ ትሳቅ፣ አትጥራኝ» በይው። በቃ። ሰዓቱ የተቆረጠ ይሁን። «አንዳንዴ አግዘኝ» ያልሽው ነገር አንድም ቀን አይሆንም። ስልክሽም ከልጅቷ ጋር ወደ እሱ ይሂድ። አጠገብሽ ካለ፣ አንድ የቴሌግራም መልእክት ሲጮኽ አሥሩ ደቂቃ አለቀ።

አማትሽን በችግር ዝርዝር ውስጥ ጽፈሻቸዋል። እኔ ብሆን በዘበኝነት እቀጥራቸው ነበር። የእሳቸው ትውልድ ይህን ነገር ከእኛ የበለጠ ያውቀዋል። «እማዬ፣ ማታ ማታ ጥቂት ዝም ብዬ መቀመጥ ፈልጌ ነበር፤ ልጁን እንዳያስቸግረኝ ያዙልኝ» ብትያቸው፣ ልጁን አይደለም ልጃቸውንም ይቆጡልሻል። ግን እንደ ገዳሙ ተራ ይኑረው። ለባልሽም የራሱን ሰዓት ስጪው። ለእሳቸውም እንዲሁ፤ ምናልባት ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው የለም።

ቦታው የትም ይሁን። በረንዳው ላይ፣ ጓሮ ካለሽ ጓሮ፣ ከሌለሽ አልጋሽ ጫፍ ላይ።

ተቀምጠሽ ምን ታደርጊያለሽ? ጸሎት ያለው ይጸልያል፤ ለዚያ እኔ አላስፈልግም። ጭንቅላቷ ውስጥ ገና ብር እየቆጠረች ለምትገባ ሴት ግን አንድ የሙያዬን ነገር ላካፍልሽ።

ነርስ ከሚማራቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ የሰው ትንፋሽ መቁጠር ነው። ሙሉ አንድ ደቂቃ። ደረቱ ይነሳል፣ ይወርዳል፤ ያ አንድ ነው። ለበሽተኛው «ትንፋሽህን እየቆጠርኩ ነው» አይባልም፤ ካወቀ ወዲያው አተነፋፈሱ ይቀየራል። ስለዚህ የእጁን አንጓ ይዘሽ የልብ ምት የምትቆጥሪ ትመስያለሽ፣ ዓይንሽ ግን ብርድ ልብሱ ላይ ነው፤ ከፍ ሲል፣ ዝቅ ሲል። ጤነኛ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ሰባት ላይ ስትደርሺ «መድኃኒቱን ለአልጋ አራት ሰጥቻለሁ?» ብለሽ ካሰብሽ ቁጥሩ ጠፋ። ከአንድ ነው የሚጀመረው። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል፣ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ሌላ ምንም ነገር የለም። የአንድ የማታውቂው ሰው ደረትና ቁጥር ብቻ። ከአልጋ አልጋ እየሄድሽ ስትቆጥሪ፣ ራውንዱ ሲያልቅ የአንቺም ትከሻ ወርዶ ታገኚዋለሽ።

ይህንኑ በራስሽ ላይ አድርጊው። እስከ አሥር ቁጠሪ፣ ከዚያ እንደገና ከአንድ። ቁጥሩ ሲጠፋብሽ ራስሽን አትቆጭው፤ መመለስ ብቻ ነው። የምታስወጪውን ትንፋሽ ከምታስገቢው ትንሽ አስረዝሚው። ይህ ምትሐት አይደለም። ስናስወጣ ቬገስ የሚባለው ነርቭ ልብን ቀስ ያደርጋታል፤ ስናስገባ ትፈጥናለች። የልብሽን ምት በእጅሽ ይዘሽ ብትሞክሪው ራስሽ ታገኚዋለሽ።

መሥሪያ ቤትም ቢሆን ትንሽ ቀዳዳ አለ። መቶውን ኖት አንድ እስር አድርገሽ መቁጠሪያ ማሽኑ ላይ ስታስቀምጪ እጅሽ ሥራ ይፈታል። ማሽኑ እስኪጨርስ አንድ ሁለት ትንፋሽ ነው። ያኔ ስክሪኑንም ሰልፉንም አትዪ፤ ወረቀቱ ሲበር ብቻ እዪ። አለቃሽ ምንም አያውቅም፣ ደንበኛውም አይቀርበትም። ለአሥር ደቂቃው ምትክ አይሆንም፤ ቀኑን ግን ይሰብረዋል።

«ቡና እያፈላሁ ብቀመጥስ?» እንደምትይኝ ይታየኛል፤ ብዙ ሰው ይህን ይጽፍልኛል። እኔ በዚህ አልስማማም። ቡና የጨዋታ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ጎረቤት የሚሰበስብ ነገር ይዘሽ ብቻዬን ልሁን ማለት ቡናውንም መበደል ነው። ጨዋታም ለነፍስ ያስፈልጋል፤ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስለ ሐይቁ፦ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ከሆንሽ፣ አንድ ቅዳሜ ልጆቹን ለባልሽና ለአማትሽ ትተሽ ሂጂ። ዳር ዳሩን ሆቴልና መዝናኛው ቢይዘውም ያለ ሻይ ሒሳብ የሚቀመጡበት ቦታ ዛሬም አለ። ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ሂጂ። ሲመሽ የወባ ትንኟ ሥራ ትጀምራለች፤ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሽ። ነርስ ነኝ አልኩሽ እኮ።

ጥያቄ

«ሰላም ነው ሲስተር። ባጃጅ ነው የምነዳው፤ የሰው ናት፣ በየቀኑ ገቢ አስገባለሁ። አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር አቆምና እግሬን ውሃው ውስጥ ነክሬ ቁጭ እላለሁ። ያየኝ ሁሉ «አንተ እኮ ታድለሃል» ይለኛል። እውነቱን ልንገርሽ? ዝም ስል ይብስብኛል። ያለብኝ ዕዳ ይመጣል፣ የሞተው ወንድሜ ይመጣል፣ ሁሉም ተሰልፎ ይመጣል። ሙዚቃ ስከፍት ነው የሚሻለኝ። ጸጥታ ለኔ አይሆንም ማለት ነው?» — የባጃጅ ሹፌር

መልስ

ልጄ፣ መጀመሪያ እግርህን ከውሃው አውጣ።

አልቀለድኩም። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ትሏ ውሃው ዳር ካሉ ቀንድ አውጣዎች ትወጣና በጤነኛ ቆዳ በኩል ትገባለች፤ ቁስል አያስፈልጋትም። ልማድህ ከሆነ አንድ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂድና ሰገራ ተመርመር። ቢገኝብህም ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን አለው፤ ቀላል ነው። ሳይታከም ሲቆይ ግን ጉበት ይጎዳል። ደንጊያው ላይ ተቀመጥ፣ ውሃውን በዓይንህ ጠግበው።

አሁን ወደ ጉዳይህ። ዕዳውም ወንድምህም ዝም ስላልክ አልመጡም፤ ቀኑን ሙሉ ከኋላ ወንበር ተሳፍረው ነበር፤ ሞተሩና ሙዚቃው ነው ያላሰማህ። ሙዚቃ ነውር የለውም። ሐዘን የያዘው ሰው ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ባዶ እጁን ውሃ ፊት ይቀመጥ ማለት ይከብዳል፤ አልመክርም።

እጅህ ሥራ ይኑረው። መነኩሴው እንኳ እጁን ባዶ አይተወውም፤ መቁጠሪያ ይዟል። ሙስሊም ከሆንክ ተስቢህ አለህ። ሁለቱም ካልሆኑልህ ባጃጇን እጠብ፤ ቀስ ብለህ፣ ከፊት መስታወቷ ጀምረህ፣ ሙዚቃውን ዘግተህ። ወይ ተራመድ። ወይ ደግሞ ታንኳ የሚሠራ ሰው ካገኘህ አጠገቡ ተቀመጥ። ደንገሉን ይከምራል፣ ያስራል፣ በጉልበቱ ይጫናል፣ እንደገና ያጠብቃል። ታንኳዋ ውሃ ስትጠጣ ከርማ በጥቂት ወር ውስጥ ትበሰብሳለች፤ እሱም ያውቀዋል፤ ቋጠሮውን ግን ለዘላለም እንደሚሆን አድርጎ ያጠብቀዋል። እንዲህ ያለ ሰው አጠገብ ዝም ማለት ብቻህን ዝም ከማለት ይቀላል።

ዕዳው ወረቀት ላይ ይውጣ። ለማን፣ ስንት፣ መቼ። ጭንቅላት ውስጥ ያለ ዕዳ መጠኑ አይታወቅም፤ ሌሊት ሌሊት ይጨምራል። ከጻፍከው በኋላ ለአንድ ለምታምነው ሰው አሳየው።

ወንድምህ ከሞተ ስንት ጊዜ እንደሆነው አልጻፍክልኝም። የእሱ ነገር ግን ብቻህን ሐይቅ ዳር የምትጨርሰው አይደለም። እኛ አገር ሐዘን ድንኳን የሚጣልለት፣ ዕድር የሚሰበሰብለት፣ አርባና ሰማንያ የሚወጣለት ወደው አይደለም። እናትህ ካለች ሂድና ስለ እሱ አጫውታት። ስሙን ከሰማች ይብስባታል ብለህ እንደምትሸሻት እገምታለሁ። እሷም ስላንተ ያንኑ እያሰበች ይሆናል።

አንድ ነገር አስረግጬ ልንገርህ። እንቅልፍ እምቢ ካለህ፣ ምግብ ካስጠላህ፣ የወደድከው ሁሉ ካላስደሰተህና ይህ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ የጸጥታና የሙዚቃ ጥያቄ አይደለም፤ ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው። «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ብልጭ ካለብህ ደግሞ ሁለት ሳምንቱንም አትጠብቅ። ያኑ ዕለት ለሰው ተናገርና ሆስፒታል ሂድ። ተመልሰህ ጻፍልኝ።

ጥያቄ

«እኔና ባለቤቴ ጡረታ ወጥተናል። ወደ ባሕር ዳር የመምጣት ሐሳብ አለን። ከወሬና ከግርግር ርቀን አንድ ቀን ጸጥ ብለን የምንውልበት የጣና ገዳም ቢጠቁሙን።» — ባልና ሚስት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እንኳን በደህና ወጣችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱንና የወቅቱን ሁኔታ እዚህ ካለ ዘመድ ጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ ልበል።

አብራችሁ መሆን ከፈለጋችሁ ክብራን ገብርኤልንና ዳጋ እስጢፋኖስን ተዉአቸው፤ ሴት አይገባባቸውም። ዳጋ የነገሥታቱ አፅም ያረፈበት ነውና ባልየው ማየት ከፈለጉ ሚስትየዋ ጀልባው ጋ ነው የሚጠብቁት፤ ያም በራሱ ጸጥታ ነው፣ ግን ፀሐይ አለው። ከክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ የእናቶች ገዳም ነው። ቅርብ የሚሻላችሁ ከሆነ ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት አጠገብ ደብረ ማርያም አለ።

ብዙ ሰው የሚሄደው ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ነው። ሥዕሎቹን ለማየት መሄዱ ይገባል። ለጸጥታ ከሆነ ግን ሰዓቱን ምረጡ። ረፋድ ላይ ጎብኚውም መስቀልና ትንንሽ ታንኳ ሻጩም መንገዱን ይሞላዋል። በወሩ በ16 የኪዳነ ምሕረት ቀን ነው፤ የካቲት 16 ደግሞ ዓመታዊ በዓሏ። በዓል ለማክበር ከሆነ ያኔ ኑ፣ ዝም ለማለት ከሆነ ያኔ አትምጡ። እኔን የምትጠይቁኝ ከሆነ ዘጌ ላይ ጸጥታው ያለው ከቤተ ክርስቲያኑ ይልቅ በመንገዱ ላይ ነው። ጫካው ውስጥ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ የለም፣ ዛፉም የቆየው በዚያ ነው። ከኡራ ወደ አዝዋ ማርያም በእግር ቀስ እያላችሁ ሂዱ። መሪ ብትይዙም «ታሪኩን ስንመለስ ትነግረናለህ» በሉት፤ ክፍያውን ግን አትቀንሱበት።

ገዳም ስትገቡ ነጠላ ያዙ፣ ጫማ አውልቁ፣ ስልክ አጥፉ። ዛፍ ሥር የተቀመጠ አባት ካያችሁ ለቡራኬም ቢሆን አትጥሩት። ሄዳችሁ መጋቢውን አግኙት፤ ሻማ፣ ዘይት፣ ሽምብራ፣ የያዛችሁትን ለእሱ ስጡ።

ጀልባችሁን ለማለዳ ተከራዩ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል። የሕይወት ጃኬት መኖሩን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እዩ። «አይ፣ ቅርብ እኮ ነው» ቢሏችሁም ልበሱት፤ ባለ ጀልባው ጎበዝ ዋናተኛ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚለው።